የውስጥ ቴፕ ድራይቭ አገጣጠም፦ ከካርድ ምርጫ እስከ መጀመሪያው ሪስቶር

«ቴፕ ድራይቩን ገጠምኩት፣ መብራቱም በርቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ ድራይቩ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው የተሰካበት ካርድ ወይም ኬብል ላይ ነው። ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «ለምን እንዲህ ይንቀራፈፋል?» የሚል ነው፤ እዚያም ላይ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ዳታው የሚነበብበት ዲስክ ነው። ስለዚህ እዚህ ብሎን ስለማሰር በአጭሩ፣ ስለ ካርድና ኬብል፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ሙከራ ደግሞ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ቴፕ ድራይቭ ማለት የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) ካርትሪጅ ውስጥ ባለ ማግኔታዊ ሪባን ላይ የሚጽፍ፣ ሲያስፈልግም ዳታውን የሚመልስ (ሪስቶር የሚያደርግ) መሣሪያ ነው። የምናገረው ሳስ (SAS) የሚባለው መገናኛ፣ ማለትም ዲስክና ቴፕ በካርድ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝበት ዘዴ፣ ስላላቸው የኤልቲኦ (LTO፣ በትውልድ ቁጥር የሚለይ የቴፕ ዓይነት) ድራይቮች ነው። ከሳስ በፊት የነበረውን ስካዚ (SCSI) መገናኛ የሚጠቀም የድሮ ድራይቭ ላላችሁ ከደረጃዎቹ በኋላ አጭር ክፍል አለ።

ኬዙን ከመክፈታችሁ በፊት

በመጀመሪያ የካርትሪጁና የድራይቩ ትውልድ መግጠሙን አረጋግጡ። አንድ ካርትሪጅ ዳታው ሳይታመቅ የሚይዘው በ5ኛው ትውልድ 1.5 ቴራባይት፣ በ6ኛው 2.5፣ በ7ኛው 6፣ በ8ኛው 12፣ በ9ኛው 18 ቴራባይት ነው። ካርትሪጁ ላይ በትልቁ የሚታተመው ሌላኛው ቁጥር ዳታው በደንብ ይታመቃል ተብሎ የተገመተ ነው። ቪዲዮ፣ ፎቶና ዚፕ ፋይል አስቀድመው የታመቁ ስለሆኑ ድራይቩ ከዚያ በላይ ሊያሳንሳቸው አይችልም። ስንት ካርትሪጅ እንደሚያስፈልጋችሁ ስታሰሉ ሁልጊዜ ትንሹን ቁጥር ያዙ።

የቆዩ ካርትሪጆች ካሏችሁ ይህን ሳታጣሩ ድራይቭ አትግዙ። እስከ 7ኛው ትውልድ ድረስ አንድ ድራይቭ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነብ፣ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ደግሞ ይጽፍ ነበር። በ8ኛው ይህ ተቋርጧል፦ የ8ኛው ትውልድ ድራይቭ የሚቀበለው የ8ኛውንና የ7ኛውን ብቻ ነው። የ9ኛውም እንዲሁ የ9ኛውንና የ8ኛውን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ መደርደሪያችሁ ላይ የ6ኛው ትውልድ ካርትሪጆች ካሉና ነገ ልታነቧቸው ከፈለጋችሁ፣ የ8ኛው ድራይቭ ምንም ያህል አዲስና ፈጣን ቢሆን ለእናንተ አይሆንም።

ቀጥሎ ቦታውን ተመልከቱ። ግማሽ ቁመት የሚባለው ድራይቭ ድሮ ሲዲ ማንበቢያ ይገባበት የነበረውን ባለ 5.25 ኢንች ክፍት ቦታ አንዱን ይይዛል፤ ሙሉ ቁመት ያለው ሁለት ይፈልጋል። የዛሬ ብዙ ኬዞች ይህ ቦታ ጭራሽ የላቸውም። የእናንተ ከሌለው ኬዝ መቀየር ወይም ከውጭ የሚቀመጥ ድራይቭ መውሰድ ይሻላል፤ ድራይቩን ኬዝ ውስጥ አንጠልጥሎ ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ካርዱ ላይ ነው። ሳስ ድራይቭ ማዘርቦርድ ላይ ባለው የተራ ዲስክ (ሳታ) መሰኪያ አይሠራም። ሳታ ዲስክ ሳስ ካርድ ላይ ይሠራል፤ ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። ሬይድ ካርድም በአብዛኛው አይበጅም፤ ሥራው ዲስኮችን አጣምሮ ማቅረብ ስለሆነ ቴፕን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አሳልፎ አያሳይም። የሚያስፈልጋችሁ የተሰካበትን ዕቃ እንዳለ የሚያሳልፍ ኤችቢኤ ካርድ ነው። በኤልኤስአይ ቺፕ የተሠሩ እንደ 9207-8አይ እና 9300-8አይ ያሉ ካርዶች ለዚህ የታወቁ ናቸው። ያገለገለ ካርድ ከገዛችሁ ውስጡ ያለው ፈርምዌር (ካርዱን የሚያሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም) ዕቃውን እንዳለ የሚያሳልፈው፣ አይቲ ሞድ የሚባለው መሆኑን ጠይቁ። ያው ካርድ በሬይድ ፈርምዌር ተጭኖ ሊመጣ ስለሚችል በመልክ ብቻ አይለይም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የውስጥ ኤልቲኦ ድራይቭ፣ ሳስ መገናኛ ያለው
- ኤችቢኤ ካርድ፣ እና ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የሆነ ባለ 8 መስመር (ወይም ከዚያ የሚበልጥ) ፒሲአይ ኤክስፕረስ መሰኪያ
- ከካርዱ ወደ ድራይቩ የሚሄድ ኬብል። የጫፎቹ ዓይነት በካርዱ በኩል እንደ ካርዱ ዓይነት ኤስኤፍኤፍ-8087 (SFF-8087) ወይም ኤስኤፍኤፍ-8643፤ በድራይቩ በኩል ኤስኤፍኤፍ-8482። ርዝመቱ ከ1 ሜትር አይብለጥ።
- ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚወጣ ነፃ የኃይል ኬብል
- ኤም3 ብሎኖች፣ ከ5 ሚሊሜትር ያልረዘሙ
- ባለ መስቀል ካቻቪቴ እና የስታቲክ መከላከያ የእጅ አንባር
- ቢያንስ ሁለት የዳታ ካርትሪጆች እና አንድ የማጽጃ ካርትሪጅ

ሁለት የዳታ ካርትሪጅ ያልኩት አንዱ ለሙከራ የሚውል ስለሆነ ነው። የማጽጃ ካርትሪጁን ደግሞ ድራይቩ በጠየቀ ቀን መፈለግ ከመጀመር አስቀድሞ መያዝ ይሻላል።

ደረጃዎቹ

1. የድራይቩን መለያ ጽፋችሁ ያዙ። ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ የተለጠፉት በአካሉ ላይ ስለሆነ ከገባ በኋላ አይታዩም። ፈርምዌር ስትፈልጉም ሆነ ዋስትና ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህን ነው። ስልክ ካላችሁ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

2. ኮምፒውተሩን አጥፉ፤ የኃይል ገመዱንም ከግድግዳው ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ እንደተሰካ ማዘርቦርዱ ላይ ተጠባባቂ ኃይል ይቀራል። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት፤ የቀረውን ኃይል ያፈስሰዋል። ከዚያ አንባሩን እጃችሁ ላይ አድርጉና ጫፉን ቀለም ባልተቀባ የኬዙ ብረት ላይ ቆንጥጡት።

3. ካርዱን ስኩ። ወርቃማ ጥርሶቹን በእጅ አትንኩ። እስኪቀመጥ ድረስ በሁለቱም ጫፍ እኩል ተጫኑና በብሎን እሰሩት። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ረጅም መስሎ የሚታየው መሰኪያ ውስጡ ያለው መስመር 4 ብቻ ሊሆን ስለሚችል መመሪያውን እዩ። ካርዱ በ4 መስመርም ይሠራልና ይህ ሥራ አያቆምም፤ ምርጫ ካላችሁ ግን 8ቱን ስጡት። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሙቀት ነው። እነዚህ ካርዶች የተሠሩት ነፋስ አጥብቆ ለሚነፍስበት ሰርቨር ስለሆነ በተራ ኬዝ ውስጥ በጣም ይግላሉ። አጠገቡ ያለውን መሰኪያ ባዶ ተዉለት፤ ከተቻለም ትንሽ ፋን ወደ ካርዱ አዙሩ። የጋለ ካርድ ባክአፑ ከተጀመረ ከሰዓታት በኋላ ድራይቩን በድንገት «ያጣዋል»፤ ሰውም ድራይቩን ይጠረጥራል።

4. ድራይቩን ቦታው ላይ አስገቡ። የኬዙን የፊት መሸፈኛ አውጡና ድራይቩን ከፊት ወደ ኋላ ግፉት፤ የፊቱ ገጽ ከኬዙ ፊት ጋር እኩል ይሁን። ብሎኖቹን በሁለቱም ጎን መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ሁሉም ከገቡ በኋላ አጥብቁ። አንዱን አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ አካሉን ያጣምመዋል። ካርትሪጁ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ጥቂት መጣመምም አይወድም። ብሎኑ ለምን አጭር ይሁን? ረጅም ብሎን የድራይቩን ጎን አልፎ ውስጥ ያለውን አካል ሊነካ ስለሚችል ነው።

5. የዳታና የኃይል ኬብል ስኩ። ኤስኤፍኤፍ-8482 የሚባለው ጫፍ የሳታ መሰኪያ ይመስላል፤ ነገር ግን በዳታውና በኃይሉ መካከል ክፍተት የለውም። ሳታ ኬብል አልገባ ካለ ትክክል ነው፤ እንዳይገባ ሆኖ የተሠራ ነው፣ በግድ አትግፉት። ኃይሉ ኬብሉ ጫፍ ላይ በተለየ ማስገቢያ ይገባል። ይህን ረስቶ የዳታውን ጫፍ ብቻ የሰካ ሰው መብራት የማይበራ ድራይቭ ይዞ ይቀራል። ኃይሉን ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ውሰዱ። ከሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይሩ ርካሽ አስማሚዎች፣ በተለይ ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የፈሰሰባቸው ዓይነቶች፣ ውስጣቸው ተገናኝቶ ሊቃጠሉ ስለሚችሉ አትጠቀሙባቸው። ሲጨርሱ ኬብሎቹ ፋን እንዳይነኩ እሰሩ፤ ግን እንደ ወረቀት አትጠፏቸው።

6. ካርትሪጅ ሳታስገቡ አብሩ። ድራይቩ ሲበራ ራሱን ይፈትሻል፤ መብራቶቹ ይፈራረቃሉ፣ የሞተር ድምፅም ይሰማል። ይህ እስኪያልቅ ካርትሪጅ አታስገቡ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የካርዱ ጽሑፍ ስክሪን ላይ ከወጣ፣ ወደ ካርዱ ማስተካከያ ገብታችሁ የተሰኩ ዕቃዎችን ዝርዝር እዩ። የድራይቩ ስም እዚያ ካለ ካርዱ ድራይቩን አይቶታል፣ ኬብሉም ትክክል ነው፤ ከዚህ በኋላ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ካላየው ችግሩ የሶፍትዌር ወይም የካርዱ ፈርምዌር ነው። እዚያ ከሌለ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ወይም ሊኑክስ ላይ መልስ አትፈልጉ፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ይህች አንዲት ፍተሻ የብዙ ሰዓት ድካም ታስቀራለች።

7. ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንዲያውቀው አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ክፈቱና ቴፕ ድራይቭስ በሚለው ስር መኖሩን እዩ። «ያልታወቀ ዕቃ» ሆኖ ከተቀመጠ ከአምራቹ ድረ ገጽ ድራይቨሩን አውርዳችሁ ጫኑ። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ወዲህ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው የባክአፕ ፕሮግራም ቴፕ ላይ አይጽፍም። ስለዚህ እንደ ቪም ወይም ባኩላ ያለ ቴፕ የሚያውቅ ሶፍትዌር ያስፈልጋችኋል።

ሊኑክስ ላይ ድራይቨሩ ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) ጋር አብሮ ይመጣል። ኤልኤስስካዚ (lsscsi) የምትባለው ትእዛዝ «ቴፕ» (tape) የሚል መስመር ካሳየቻችሁ ታውቋል ማለት ነው። አሁን ግን አንድ ነገር በደንብ ያዙ፤ ያው ድራይቭ በሁለት ስም ይወጣል። ኤስቲ0 (st0) በሚለው ስም ስትጽፉ ሥራው እንዳለቀ ቴፑ ራሱ ወደ መጀመሪያው ይጠቀለላል። ኤንኤስቲ0 (nst0) በሚለው ስትጽፉ ግን ባለበት ይቆማል። በመጀመሪያው ስም ሰኞ ባክአፕ አድርጋችሁ፣ ማክሰኞም በዚያው ስም ብታደርጉ፣ የማክሰኞው የሚጻፈው በሰኞው ላይ ነው። ምንም ስህተት አይታይም፣ ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ የሰኞው ዳታ ግን ጠፍቷል። ብዙ ባክአፕ አንድ ካርትሪጅ ላይ የምታስከትሉ ከሆነ ሁልጊዜ ኤንኤስቲ የሚለውን ተጠቀሙ፤ ከመጻፋችሁ በፊትም በኤምቲ (mt) ትእዛዝ ወደ መጨረሻው ዳታ ጫፍ ሂዱ። ከአንድ በላይ ድራይቭ ካላችሁ ቁጥሮቹ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጡ ስለሚችሉ፣ በሲሪያል ቁጥር የተሰየመውን ቋሚ ስም ጻፉ።

8. ፈርምዌሩን አድሱ፤ ምርመራም አድርጉ። አምራቾች ለዚህ ነፃ መሣሪያ አላቸው። ለኤችፒ ድራይቮች ላይብረሪ ኤንድ ቴፕ ቱልስ፣ ለአይቢኤም አይቲዲቲ የሚባሉት ናቸው። ፈርምዌር በሚጫንበት ጊዜ ኃይል ከተቋረጠ ድራይቩ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ሆናችሁ ሥሩ። ምርመራው የካርትሪጁን ይዘት ሊያጠፋ ስለሚችል ባዶውን የሙከራ ካርትሪጅ ብቻ ስጡት።

9. የመጀመሪያውን ካርትሪጅ አስገቡ። ከሌላ ክፍል ወይም ከመኪና ያመጣችሁት ከሆነ ድራይቩ ባለበት ክፍል 24 ሰዓት ይቆይ። የሙቀትና የእርጥበት ለውጥ ሪባኑን ያስረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል፤ በጣም ቀጫጭን በሆኑት መስመሮቹ ላይ ይህ ለውጥ የንባብ ስህተት ይሆናል። የመጻፊያ መከልከያዋ (ካርትሪጁ ላይ ያለችው ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ) መጻፍ በሚፈቅደው ጎን መሆኗን እዩ። ካርትሪጁን በቀስታ ግፉት፤ ድራይቩ ራሱ ይቀበላችኋል። የ9ኛው ትውልድ አዲስ ካርትሪጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ድራይቩ ለራሱ ያስተካክለዋል፤ ይህ እስከ 2 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ቆሟል ብላችሁ ኃይል እንዳታጠፉ።

10. የብሎክ መጠን፣ መታመቅና ምስጠራ ወስኑ። ብሎክ ማለት በአንድ ጊዜ ወደ ቴፑ የሚላከው ዳታ መጠን ነው። ታር (tar፣ ፋይሎችን ጠቅልሎ ወደ ቴፕ የሚልክ የሊኑክስ ትእዛዝ) ካልነገራችሁት በ10 ኪሎባይት ይልካል፤ ይህ ለዛሬ ድራይቭ በጣም ትንሽ ነው። የታርን የብሎክ ቁጥር 512 ብትሉት 256 ኪሎባይት ይሆናል፤ ለጅምር ጥሩ ነው። የመረጣችሁትን መጠን ካርትሪጁ ሳጥን ላይ ጻፉት፤ ስታነቡም ያንኑ ተጠቀሙ። በትልቅ ብሎክ የተጻፈ ቴፕ በትንሽ ብሎክ ሲነበብ ሊኑክስ «ማህደረ ትውስታ መመደብ አልቻልኩም» የሚል ስህተት ያወጣል፤ ሰውም ራም አነሰኝ ብሎ ይሮጣል። ጉዳዩ ከራም ጋር አይገናኝም።

የድራይቩን የራሱን መታመቂያ ክፍት ተዉት፤ ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ካላመቀ ድረስ ይጠቅማል። ምስጠራ ከፈለጋችሁ ከ4ኛው ትውልድ ወዲህ ድራይቩ ራሱ ይሠራዋል። ቁልፉን ግን ባክአፕ ከሚደረገው ኮምፒውተር ውጭ አስቀምጡ፤ ኮምፒውተሩ ከነቁልፉ ከሄደ ቴፑ ምንም አይጠቅምም።

11. የዳታውን ምንጭ ፍጥነት ለኩ። የ6ኛው ትውልድ ድራይቭ በሰከንድ 160 ሜጋባይት፣ ግማሽ ቁመት ያላቸው የ7ኛው፣ የ8ኛውና የ9ኛው ድራይቮች 300 ሜጋባይት ይጽፋሉ። ድራይቩ ዳታው ሲዘገይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ግን ወለል አለው፣ በ7ኛውና በ8ኛው ትውልድ 100 ሜጋባይት አካባቢ። ዳታው ከዚያ በታች ሲመጣ ሪባኑ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ይህ ምልልስ ጊዜ መብላቱ ሳያንስ ሪባኑንም፣ የሚያነበውንና የሚጽፈውን የድራይቩን ጭንቅላትም ይፍቃል። በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ የሚመጣ ዳታ ቢበዛ 118 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ከወለሉ አፋፍ ላይ ነው። ብዙ ሺህ ትናንሽ ፋይሎች ያሉበት ሀርድ ዲስክ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። መፍትሔው ዳታውን አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ኤስኤስዲ ላይ በትልልቅ ፋይል አጠራቅሞ ከዚያ ወደ ቴፑ መላክ ነው። ሁሉ ነገር ተስተካክሎ እንኳ የ8ኛው ትውልድ ካርትሪጅ 12 ቴራባይቱን በ300 ሜጋባይት ለመሙላት 11 ሰዓት ይፈጃል፤ የሌሊት ፕሮግራማችሁን በዚህ አስሉ።

12. ጻፉ፣ አውጡ፣ መልሱ። ጥቂት ጊጋባይት የሚሆን ፎልደር ቴፑ ላይ ጻፉ። ካርትሪጁን አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቡ። ከዚያ ዳታውን ወደ ሌላ ፎልደር መልሱና ከዋናው ጋር አወዳድሩ። ካርትሪጁን ማውጣቱ ትርፍ ሥራ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ከኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ሳይሆን ከቴፑ ማንበቡን የምታረጋግጡበት ነው። ከተቻለ ሪስቶሩን በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ፤ ዋናው ኮምፒውተር ሲጠፋ የምታደርጉት ይህንኑ ነውና። ይህ ሳይሠራ ድራይቩ ተገጠመ አይባልም።

የድሮ ስካዚ ድራይቭ ላላችሁ

ሳስ ላይ የማያስፈልጉ ሁለት ነገሮች እዚህ ያስፈልጋሉ። አንደኛው መለያ ቁጥር ነው። ከድራይቩ ጀርባ ባሉ ጃምፐሮች (ትንንሽ የፒን ማገናኛዎች) ይመረጣል፤ አንድ ኬብል ላይ ያሉ ዕቃዎች ሁሉ የተለያየ ቁጥር ይያዙ። 7 በተለምዶ የካርዱ ስለሆነ አትንኩት። ቁጥሩ የሚነበበው ሲበራ ስለሆነ ኃይል ሳታጠፉ ብትቀይሩት ለውጥ አይታይም። ሁለተኛው ተርሚኔተር (የኬብሉን ጫፍ የሚዘጋ ቁራጭ) ነው፦ በኬብሉ ሁለት ጫፎች ብቻ ይኑር፣ መሀል ላይ አይኑር። ኤልቪዲ (LVD) የሚባለው የስካዚ ዓይነት ድራይቮች በአብዛኛው የራሳቸው ተርሚኔተር ስለሌላቸው ጫፉ ላይ ተርሚኔተር ያለው ኬብል ተጠቀሙ።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ድራይቩ በካርዱ ዝርዝር ውስጥ ይታያል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ግን አያየውም፦ ወይ ካርዱ ሬይድ ፈርምዌር ላይ ነው፣ ወይ የካርዱ ድራይቨር አልተጫነም። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ድራይቩን ብቻ ሳይሆን ካርዱን በሙሉ ለቨርቹዋል ማሽኑ አሳልፉ።

ኤልቲኤፍኤስ ላይ ፋይል አጠፋሁ፣ ቦታው ግን አልተመለሰም፦ ኤልቲኤፍኤስ ከ5ኛው ትውልድ ጀምሮ ቴፑን እንደ ፎልደር ያሳያል፤ የጠፋው ፋይል ቦታ ግን ካርትሪጁ እንደገና ፎርማት እስኪደረግ አይለቀቅም። ለማኅደር ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ለሚለዋወጥ ዳታ አልመክረውም።

ካርትሪጁን በማግኔት «አጸዳሁት»፣ አሁን አይቀበልም፦ የኤልቲኦ ሪባን ላይ ጭንቅላቱን የሚመሩ መስመሮች ፋብሪካ ላይ ይጻፋሉ። ማግኔት እነሱንም ያጠፋቸዋል፤ ድራይቩ መልሶ ሊጽፋቸው አይችልም። ካርትሪጁ አብቅቷል። ለማጥፋት የሶፍትዌሩን ማጥፊያ ተጠቀሙ።

የወደቀ ካርትሪጅ፦ ውጫዊ ጉዳት ባይታይበትም አታስገቡት። ድራይቩ ሪባኑን የሚጎትትበት ትንሽ ፒን ከቦታዋ ከወጣች ሪባኑ ውስጥ ይጠላለፍና ድራይቩን ጭምር ይወስዳል። ውስጡ አስፈላጊ ዳታ ካለ መዝጊያዋን ገፍታችሁ ፒኗ መቀመጧን እዩ፤ ሪባኑን ግን አትንኩ።

ጭንቅላቱን በየሳምንቱ ማጽዳት፦ የማጽጃው ሪባን ሻካራ ስለሆነ ያለ ምክንያት ሲደጋገም ራሱ ጭንቅላቱን ይበላል። የማጽጃ መብራቱ ሲበራ ብቻ አስገቡ። ማጽጃው ተራውን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ይጣል፤ ጠቅልሎ እንደገና መጠቀም የለም። አንድ ካርትሪጅ ካወጣችሁ በኋላ መብራቱ ቢጠፋ፣ ሌላ ቀን ያንኑ ካርትሪጅ ስታስገቡ ደግሞ ቢበራ፣ ጥርጣሬያችሁን ወደ ካርትሪጁ አዙሩ፤ ዳታውን ወደ ሌላ ገልብጣችሁ ከሥራ አውጡት።

ካርትሪጁን ውስጥ ትቶ ማጥፋት፦ ሪባኑ ጭንቅላቱ ላይ ተወጥሮ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳም ድራይቩ ቦታውን ለማግኘት ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሥራ ሲያልቅ ካርትሪጁ ራሱ እንዲወጣ ሶፍትዌሩ ላይ አዙሩት፤ ከወጣም በኋላ ወደ ፕላስቲክ ሳጥኑ ገብቶ ከኮምፒውተሩ ርቆ ይቀመጥ።